ጋሼ፣ ይቀመጡ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አብሲቱ ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ ባለቤቴ ምጣዱን ስትሰካ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። የሶኬቱ ጠርዝ ጠቁሯል፤ ግድግዳውን በእጄ ስነካው ይሞቃል። ከጥቂት ወራት በፊት ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግረን አንድ ሠራተኛ ጠርተን ነበር። እሱም አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ብሬከሩን በትልቅ ለውጦ፣ «ከእንግዲህ አይወርድም» ብሎን ሄደ። በርግጥም ከዚያ ወዲህ አልወረደም፤ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ሆኖ እየነደደ ነበር።

ጎረቤታችን በሰጠችን ስልክ ደውለን ሁለት ሰዎች ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። አንዱ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ሌላው ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ቀድሜ የጨበጥኩት እሳቸውን ነው፤ ችግራችንን የዘረዘርኩትም ለእሳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ወጣቱ እያመለከቱ፣ «ባለሙያው እሱ ነው፤ እኔ ተማሪው ነኝ» አሉኝ።

የማደርገው ጠፋኝ። እጄ እንደ ልማዱ ወንበር ፈለገ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኩ። ወጣቱም ተቀብሎኝ፣ «አዎ ጋሼ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። እሳቸው ወንበሩን ተቀበሉኝና ከግድግዳው አስጠግተው አስቀመጡት። ሳይቀመጡበትም፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ሠርቻለሁ፤ አሁን ቆሜ ልማር» አሉ። ድምፃቸው የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። ይህን ትዝብት ያጻፈኝ ያ ቃል ነው።

ሥራው ሲያልቅ ቡና ተፈላ። ታሪካቸውን የሰማሁት ያን ቀንና ከዚያ በኋላ በተገናኘንባቸው ጊዜያት ነው። ዕድሜያቸው 51 ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። ድርጅቱ ሥራው ሲቀዘቅዝበት ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሳቸውም ከተቀነሱት መካከል ሆኑ። ስምንት ወር ሙሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሙ። የሚጠየቀውን የሥራ ልምድ እጥፍ ድርብ አድርገው ያሟላሉ፤ ከታች የምትጻፈው «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የምትል አንዲት መስመር ግን ትጥላቸዋለች። በአገራችን ሕግ መደበኛው የጡረታ መውጫ 60 ዓመት ነው። በሕጉ ስሌት ገና ዘጠኝ ዓመት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ በማስታወቂያው ስሌት ደግሞ ከሥራ ዓለም ከወጡ 16 ዓመት ሆኗቸዋል። ሰውን በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ጥለነው እንዴት ይኑር እንላለን?

የያዙት የመሰናበቻ ገንዘብም አልጠበቃቸውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዝረው የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ቁጠባ የያዘ ሁሉ ቁጠባው እጁ ላይ ሲቀልጥ አየ። እሳቸውም አንድ ማታ እንደ ልማዳቸው ወረቀት አውጥተው አሰሉት። የቀራቸው ገንዘብ፣ የቤት ኪራዩ፣ የሁለት ልጆች ትምህርት፣ እስከ 60 የቀረው ዓመት። «ከወረቀቱ ላይ የወጣው መልስ አንድ ነበር፤ እጄን ሌላ ነገር ማስተማር አለብኝ» አሉኝ። ከተማው በየአቅጣጫው እየተገነባ ነው፤ የሚገነባው ቤት ሁሉ ሽቦ ይገባበታል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታን የመረጡት በዚህ ነው።

አንድ የሥልጠና ተቋም ውስጥ ለአጭር ሥልጠና ተመዘገቡ። በመጀመሪያው ቀን በሩን ገፍተው ሲገቡ ክፍሉ ሙሉ ብድግ አለ፤ ተማሪዎቹ አሠልጣኙ የመጣ መስሏቸው ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ልጅ 24 ዓመቱ ነው። ቋንቋውም አዲስ ሆነባቸው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ኪያቤ፤ ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዥና በወርክሾፕ አማርኛ ሆነው የቀሩት እነዚህ ቃላት፣ ዕድሜያቸውን በደብዳቤና በቃለ ጉባዔ መካከል ላሳለፉ ሰው ፊደል መቁጠር ሆኑባቸው። ሽቦ ሲልጡ መነጽር ማድረግ አለባቸው፤ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ደግሞ ማውለቅ። ብዕር ብቻ የለመደ መዳፋቸው በመጀመሪያው ወር ውሃ ቋጠረ።

ይህ ሁሉ በትዕግሥት የሚታለፍ ነበር። ያላሰቡት ነገር ግን መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ አክብሮታችን።

የተቋሙ አሠልጣኝ፣ እሱም ወጣት ነው፣ ለሌሎቹ ተማሪዎች «ያዝ! ልቀቅ! እሱን አይደለም፣ ያንን!» ይላል። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ አንደበቱ ይለዝባል፤ «ጋሼ፣ እሱን እንኳ ቢተዉት ይሻል ነበር» ይላል። ኤሌክትሪክ ደግሞ ትሕትናችን እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሲሳሳቱ አይገሥጻቸውም፤ መሣሪያውን በሁለት እጁ ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ ይሠራዋል። መሰላል ላይ ሊወጡ ሲሉ ሁለት ልጆች ይሽቀዳደማሉ። ሽቦ ሊጎትቱ ሲሉ አንዱ «ኧረ ጋሼ፣ እኛ እያለን!» ብሎ ይቀበላቸዋል። በወሩ መጨረሻ ልጆቹ በየተራ የዘረጉትን መስመር አብርተው ሲያሳዩ፣ የእሳቸው ደብተር ሞልቶ እጃቸው ባዶ ነበር። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ይባላል። እሳቸውን 30ውን አስተማርናቸው፤ 70ውን በአክብሮት ወሰድንባቸው።

አንድ ቀን አሠልጣኙን ለብቻው ጠርተው፣ «እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ አንተ በለኝ» አሉት። ልጁ ደነገጠ። «አባቴን የሚያህሉ ሰው! አፌ አይታዘዝልኝም» አለ። ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ተስማሙ። አንቱታው ይቀጥላል። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው «አግዙኝ» እስካላሉ ድረስ ማንም መሣሪያ ከእጃቸው አይወስድም፤ አደጋ ሲመጣ ደግሞ አሠልጣኙ «ይተዉት» በማለት ፈንታ «ተው!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሥልጠናቸው የጀመረው።

ይህን ሲነግሩኝ ወንበሬ ትዝ አለኝ፤ አፈርኩም። ለትልቅ ሰው መነሣት፣ ወንበር መልቀቅ፣ ሸክም መቀበል የምንኮራበት ጨዋነት ነው፤ ልጆቼንም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ሊማር የመጣን ሰው ግን እንደ እንግዳ ከተቀበልነው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። እንጀራውን የሚያገኝበትን ሙያ ከእጁ የሚነጥቅ አክብሮት፣ ልባችን ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ለእሱ ጉዳት ነው። የትልቅ ሰው ክብር እስኪችል ድረስ መታገሥንም ይጨምራል። ሲሳሳት ማረምን፣ አቧራ ሲነካው አለመደንገጥንም ይጨምራል።

ደግሞስ ባህላችን ሽበት ያለውን ተማሪ አያውቅምን? ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም የሚጓዝ የአብነት ተማሪ ጢሙ ከመሪጌታው ጢም ቢረዝም የሚደነቅ የለም። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከጉባኤ ቤት ጉባኤ ቤት ሲዞር «ዕውቀት ጠምቶት ነው» ተብሎ ይከበራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረታችንም የዕድሜ ገደብ አላበጀም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠውና ዩኔስኮ የሸለመው ያ ዘመቻ፣ አያቶችን የልጅ ልጆቻቸውን በሚያህሉ አስተማሪዎች ፊት አስቀምጦ ሀ ሁ አስባለ። አዛውንቱ እርሳስ ጨብጠው ስማቸውን ለመጻፍ ሲታገሉ፣ «አባባ፣ ይተዉት፤ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎ እርሳሱን የወሰደ ዘማች ቢኖር ኖሮ ስማቸውን ሳይጽፉ በቀሩ ነበር።

እንግዲህ ለመጽሐፍ ሲሆን ሽበት አያሳፍረንም፤ የሚያሳፍረን ለመሣሪያ ሲሆን ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራቸው ስንሰድብ ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ ቀረ። ዛሬ ቴክኒክና ሙያን «ውጤት ያልመጣለት የሚገባበት» እንለዋለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ብዙ ወጣት ፈተናውን በማያልፍበት አገር ሙያን የወደቁ ልጆች ማረፊያ አድርገን ስናወራ፣ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ይገባበታል። የ51 ዓመቱ የሒሳብ ሠራተኛማ በምን አንገቱ ቀና ብሎ ይግባ?

እኒህ ሰው ለአምስት ወራት ያህል ካቻቪቴና ፒንሳቸውን ይዘው ከቤት የሚወጡት በላፕቶፕ ቦርሳ ነበር። ሰፈርተኛው ቢሮ የሚሄዱ ይመስለው ነበር። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸውንም የሚቀበሉት ከሰፈራቸው ርቀው ነው፤ ሁለት ታክሲ እየያዙ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የሄደ ወንድማችን መኪና ሲያቆም፣ ሳህን ሲያጥብ፣ በሃምሳ ዓመቱ አዲስ ሙያ ሲማር «ጎበዝ፣ ታታሪ» እንለዋለን። እዚያ የሚያየው ዘመድ የለም። እዚህ ያለውም ሰው የጎደለው ትጋት አይደለም፤ ዓይናችን በዝቶበት ነው።

በዚያው ተቋም ከዐረብ አገር የተመለሱ አንዲት የ44 ዓመት እናት ሴራሚክ ንጣፍ ይማሩ እንደነበር ነገሩኝ። ዐሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ወለል ተንበርክከው ሲወለውሉ «ምስኪን፣ ለቤተሰቧ ስትል» ያለ ዘመድ፣ ወለል አንጣፊ ልሁን ብለው ውሃ ልክ ሲይዙ «ሴት ሆነሽ? ደግሞ በዚህ ዕድሜ?» አላቸው። ሁለተኛው ሥራ የራሳቸው ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጡትም ራሳቸው ናቸው። የከለከልናቸው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ፤ እኒህ ሰው ለሙያው ይዘው የመጡትንም ልናገር። የእኛን ቤት ችግር ገና ሽታውን ሲሸት ያወቀው አብሯቸው የመጣው ወጣት ነው። የሚያስረዳን ግን አልነበረም። እሳቸው ደብተራቸውን ገልጠው ለባለቤቴና ለእኔ ቁጥሩን አሳዩን። ምጣዳችን 3500 ዋት ይፈልጋል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ሊሆን ምንም አይቀረው። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅም ውሃ ማፍያም ተሰክቷል። የተዘረጋው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ16 አምፒር ብሬከር ጋር እንዲሠራ የታሰበ። «ብሬከሩ ይወርድ የነበረው ሽቦው እንዳይነድ እየጠበቀላችሁ ነው። በ32 መለወጡ ዘበኛው ጮኸብኝ ብሎ ማባረር ነው» አሉን። ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ ወፈር ያለ ሽቦ ተዘረጋ፤ ብሬከሩም ለሽቦው በሚመጥን ተተካ። ሲጨርሱ የገባውን ዕቃ፣ ዋጋውንና የእጅ ሥራውን በዝርዝር ጽፈው፣ ፈርመው ሰጡን። ማክሰኞ ደውለው ሶኬቱ ይሞቅ እንደሆነ ጠየቁ።

ቤት ያሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ያጠፋ፣ «ነገ ጠዋት» ብሎ በሳምንቱ የመጣ፣ ግማሽ ሠርቶ ሌላ ሥራ ያገኘ ባለሙያ ያላጋጠመው የለም። ብዙዎቹ ወጣቶች እጃቸው ጎበዝ ነው። ቀጠሮን፣ ሒሳብን፣ ለደንበኛ ማስረዳትን ግን ማንም አላስተማራቸውም። መምህር የነበረ፣ መጋዘን የጠበቀ፣ ሒሳብ የሠራ፣ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው እነዚህን ይዞ ይመጣል። ወጣቱና እሳቸው አንድ ላይ ሲሠሩ አንዱ ሌላውን ያስተምር ነበር፤ ወጣቱ ዛሬ ደረሰኝ ይጽፋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሙያ ለመልመድ ስለሚገባ ውል ሲደነግግ፣ ለማጁ ከ15 ዓመት እንዳያንስ ይላል እንጂ ከስንት እንዳይበልጥ አይልም። ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው የብቃት ምዘናም ችሎታን እንጂ የት እንደተማሩ አይጠይቅም የሚለው መርህ በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ጀምሮ አለ። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ከበሩ በስተኋላ ያለው ድጋፍ ግን ዕድሜ ይቆጥራል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት የተቋቋመው ተዘዋዋሪ ፈንድ ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ወጣቶች ነው። ለወጣት መደረጉ ተገቢ ነው፤ ወጣቱ ተቸግሯል። ሆኖም የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ልጅ የሚያስተምረው፣ ሥራ ቢያጣ አምስት ሰው አብሮት የሚራበው የ48 ዓመት ሰው መሣሪያ የሚገዛበት ብድር ከየት ያምጣ? አብዛኛው ሥልጠና የሚሰጠውም በሥራ ሰዓት ነው። ሥራውን ሳይለቅ ቀስ ብሎ ሙያ ሊለውጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደሞዙን እንዲያጣ ይገደዳል።

መንገዱ ለሁሉም ነው አልልም። ጉልበቱ የታመመ ሰው በመሰላል ሕይወቱን አያስይዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገቢ ከቀድሞው ደሞዝ ሊያንስ ይችላል፤ እኒህ ሰው እስካሁን የዘለቁት ባለቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅ ስለሚያስረክቡ ነው። የቤተሰብ ድጋፍ የሌለው ሰው በዚያ ክፍተት ይወድቃል። ስለዚህ ነው ጉዳዩን ለግለሰብ ብርታት ብቻ መተው የማይገባን።

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና በየክልሉ ያሉ ቢሮዎች ሊያደርጓቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ብዙ ወርክሾፖች ከሥራ ሰዓት በኋላ ተዘግተው ያድራሉ፤ የማታና የቅዳሜ ፈረቃ ይከፈት። ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰልጣኝ መሣሪያ በኪራይ ወይም በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሰጠው። ጎልማሳ ለማጅ ለሚቀበል ባለ ወርክሾፕ ማበረታቻ ይሰጥ። አሠልጣኞች ከሚበልጧቸው ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚሠሩ ይሠልጥኑ፤ ያ ወጣት አሠልጣኝ ብልሃቱን ብቻውን እስኪያገኝ አንድ ወር ባክኗል። ሠራተኛ የሚቀንስ ድርጅትም ከመሰናበቻው ጋር የሥልጠና ክፍያ ቢጨምር ዓመታት ላገለገለው ሰው አይበዛበትም።

የቀረው የእኛ ነው። ጠጉሩ የሸበተ ለማጅ በራችንን ሲያንኳኳ ሥራውን ይሥራ፤ ዋጋውን እንደ ማንኛውም ባለሙያ እንክፈለው፤ ልጆቻችን ፊት «ምን ሆኖ ነው?» አንበል።

ባለፈው ወር የደጃችን መብራት አልበራ ብሎ ደወልኩላቸው። በዚህ መሀል ምዘናውን ተፈትነው አልፈዋል፤ በራሳቸው ስም ይሠራሉ። ብቻቸውን መጡ። መሣሪያቸውን የያዙት በሸራ ቦርሳ ነው፤ የካቻቪቴዎቹ እጀታ በላይ በኩል ይታያል። እንደ ልማዴ ወደ ሳሎን ዞር ስል ወንበሩን አየሁትና ተውኩት። ከጓሮ መሰላሉን አምጥቼ ከግድግዳው አስደገፍኩ።

«ልያዝልዎ፣ ጋሼ?»

«ያዝልኝ» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ወጡ።